ስምንት ስም የሚይዘው ዝርዝር

በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ ሲያስቀምጡና ሲያወጡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከዳይሬክተሩ አንሥቶ እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም «ጋሼ ፋይል» ይላቸው ነበር፤ ስሙም ተጣብቆባቸው ቀረና ጡረታ ከወጡ ከስድስት ዓመት በኋላ እንኳ የሚኖሩበት ሕንፃ ጎረቤት በሙሉ በዚሁ ይጠራቸዋል። እርሳቸውም አይከፋቸውም። ሰው በሠራው ሥራ ሲጠራ ምን ይከፋዋል?

የመዝገብ ቤት ሰው አንድ ጊዜ በመዝገብ የገባን ስም በገዛ እጁ አይሰርዝም። የሚወገድ ሰነድ ቢኖር ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ሦስት ሰው ይፈርማል። ጋሼ ፋይል ይህን ደንብ ከመሥሪያ ቤቱ ይዘውት ወደ ቤታቸው ስለ ገቡ፣ የሞቱ ጓደኞቻቸው የስልክ ቁጥር እንኳ እስከ ዛሬ በማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ በክብር ተቀምጧል።

መኖሪያቸው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለሁለት ክፍል ቤት ናት። ባለቤታቸው ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗል። አንድ ልጃቸው በሌላ ከተማ ሥራና ትዳር ይዞ ከሄደ አምስተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ከእርሳቸው በቀር ድምፅ የሚያሰማ ነገር ቢኖር ማቀዝቀዣውና ኮምፒውተሩ ብቻ ናቸው። ጋሼ ፋይል ጠዋት ተነሥተው ጸሎታቸውን ካደረሱ በኋላ ኮምፒውተሩን የሚያበሩት ብዙ ጊዜ ለጉዳይ አይደለም፤ የማራገቢያው ትንፋሽ ሲሰማ ሰው ያለ ይመስላቸዋል።

በሳምንት አንድ ቀን ግን ኮምፒውተሩ ትልቅ ጉዳይ ነበረው። ጋሼ ፋይል «እቴቴ» እያሉ የሚጠሯት ታላቅ እኅት አለቻቸው። በሰባት ዓመቷ ትኩሳት ያዛትና ጆሮዋ ተዘጋ፤ አንደበቷም አብሮ ቀረ። በዚያ ዘመን መስማት ለተሳነው ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረምና ፊደል አልቆጠረችም። እርሳቸው ግን በእቅፏ ስላደጉ፣ በአፋቸው ከመናገራቸው በፊት በእጃቸው መናገርን ከእርሷ ተማሩ። ምልክቱ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ተወልዶ በአንድ ቤት ውስጥ ያደገ ነው። እናትና አባት ዐረፉ፤ ሌሎቹ ወንድሞችም ተራ በተራ ዐረፉ። ዛሬ በዚህ ዓለም ላይ ያንን ቋንቋ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እቴቴ የምትኖረው በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የጋሼ ፋይል ጉልበት ያንን መንገድ በዓመት አንድ ጊዜ ቢችለው ነው። በመጦሪያው አዳራሽ አንድ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ሐሙስ ሐሙስ እያንዳንዱ አረጋዊ ለሩብ ሰዓት ያህል ከዘመዱ ጋር ይተያይበታል። የእቴቴ ተራ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ በተከታታይ ሁለት ሐሙስ ዘመድ ካልቀረበ ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ ተሰልፎ የሚጠብቀው ብዙ ስለሆነም እንደገና ለመግባት መንፈቅ ይፈጃል። እቴቴ ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። በዚህ ዕድሜ መንፈቅ ረጅም ነው።

መከራው የመጣው በአንድ ዝናባም ከሰዓት በኋላ ነው። መብረቅ በሕንፃው አጠገብ ወደቀና የኮምፒውተሩን ዲስክ አቃጠለ፤ የኢንተርኔት ገመድ የሚሰካባቸውን የራውተሩን ቀዳዳዎችም አብሮ ገደላቸው። ራውተሩ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዋይፋይ እንጂ በገመድ የማያገናኝ ሆነ። ከሕንፃው ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አዲስ ዲስክ አስገባችላቸው፤ ነጻ የሆነ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም በፍላሽ ላይ ጭና፣ ከአሥራ አራት ገጽ መመሪያ ጋር ሰጠቻቸው።

«እኔ ልጫንልዎ ወይስ ራስዎ ይሞክሩታል?» አለቻቸው።

«መመሪያ ካለው እኔ ምን አነሰኝ?» አሉና ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መመሪያውን በማስመሪያ እያሰመሩ፣ የፈጸሙትን መስመር በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ሠሩት። ማታ ላይ አዲሱ ሲስተም በሰማያዊ ገጽ ወለል ብሎ በራ። ጋሼ ፋይል አማተቡ። ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክት መኖር በነበረበት ስፍራ ምንም አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። አንድ ነገር ይፈጠር ይሆናል ብለው ነው እንጂ ምንም እንደማይፈጠር ልባቸው ያውቅ ነበር። አራት ሰዓት ሆነ፤ አራት ከሩብ ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚያች ባለቁልፍ ትንሽ ስልካቸው ወደ መጦሪያው ደወሉ። ነርሷ አነሣች።

«አባባ፣ ምነው ቀሩ? እማማ አዳራሽ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር እኮ።»

«ኮምፒውተሩ እምቢ ብሎኝ ነው ልጄ። ምን አለች?»

«ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር በእጃቸው አንድ ነገር አሉን፤ ምን እንደሆነ ግን ያወቀ ሰው የለም።»

«እንዴት አድርጋ አለች? እጇን ወዴት አነሣች?»

«እንጃ፣ ደረታቸው ላይ አድርገው…»

«በየትኛው እጇ? መዳፏ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«አላስተዋልኩም አባባ፣ ይቅርታ። የሚመጣው ሐሙስ ካልቀረቡ ግን ተራው…»

«አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ።»

ስልኩን ዘግተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። መዳፋቸውን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች እያደረጉ ሞከሩት። እንደ እጁ አቀማመጥ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሑድን ማንንም ሳያስቸግሩ ሊወጡት ታገሉ፤ አልሆነም። ሰኞ ጠዋት ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ጠጋኟ ወረዱ።

«እሺ አባባ፣ ሲስተሙ ገባ?»

«ገብቷል። ገብቶ ግን እንደ ግዞተኛ ተቀምጧል፤ ከማንም ጋር አይነጋገርም።»

ሳቀች። «ውስጡ ያለው የዋይፋይ ካርድ አሮጌ ስለሆነ አዲሱ ሲስተም አላወቀውም። ድራይቨር ይፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ማለት ነው።»

«ድራይቨሩ ከየት ይመጣል?»

«ከኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔቱስ?»

«ድራይቨሩ ሲኖር።»

ጋሼ ፋይል መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ አሠራር አልነበረም።» ጥቂት አሰቡና፣ «ነበረ እንጂ። መታወቂያ ለማውጣት መጀመሪያ መታወቂያ አምጣ የምንልበት ዘመን ነበረ» አሉ።

«ታዲያ ሰዉ ምን ያደርግ ነበር?»

«እየሰደበን ይሄድ ነበራ።»

ጠጋኟ እየሳቀች ከመሳቢያ ውስጥ ከተከማቹት መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የዋይፋይ መቀበያ አነሣችና አጠገቧ በነበረ ትንሽ ካርቶን ከታ ሰጠቻቸው። «ይህቺን ከጀርባው ይሰኳት። እሷ ድራይቨር ምናምን አትልም፤ ወዲያው ትሠራለች።»

እውነትም ወዲያው ሠራች። በሕንፃው ውስጥ ያሉ የአሥራ አንድ ጎረቤቶች ዋይፋይ በስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ታየ። ጋሼ ፋይል ከነዚያ መካከል ሁለቱን እንኳ በስም አያውቋቸውም። በመጨረሻው መሥመር ላይ የእርሳቸው ነበረ፤ ባለቤታቸው ያወጣችለት ስም «ማዞሪያ» ይላል። በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእጇ የጻፈችውን የይለፍ ቃል እያዩ ፊደል በፊደል አስገቡ። ሲስተሙ ጥቂት አሰበና «መገናኘት አልተቻለም» አላቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ጠጋኟ ነገሩን ሰምታ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ራውተሩን ማን ነበር ያስተካከለልዎ?»

«ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና።»

«ቴክኒሻን ነበሩ?»

«የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት መስመር ስታገናኝ የኖረች።»

«አሃ። በቃ ገባኝ። እሳቸው ፓስወርዱን ብቻ አላመኑም። የሚገቡትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ በየራሳቸው መለያ ቁጥር መዝግበዋል፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ፣ ፓስወርዱን ቢያውቅም አይገባም።»

የጋሼ ፋይል ፊት ፈካ። «እሷ እኮ 'ማን ልበል?' ሳትል ሚኒስትርም ቢሆን አታገናኝም ነበር!»

«ዝርዝሩን እናጥፋው እንዴ? በፓስወርድ ብቻ ይግባ።»

«እርሷ የዘጋችውን በር እኔ አልከፍትም።»

«ይሁን። እንግዲያው አዲሷን መቀበያ ዝርዝሩ ላይ ይጨምሯታል። ለመጨመር ግን አስቀድሞ የተፈቀደለት መሣሪያ ያስፈልግዎታል። በእጅዎ አለ?»



«አለ» አሉ ሽማግሌው። «የእርሷ ስልክ አለ።»

ስልኩ በመሳቢያው ውስጥ፣ በመነጽሯ አጠገብ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ አልበራም። ቻርጅ ላይ ሰክተው ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ እንደ ታማሚ አስታማሚ ተቀመጡ። ሲበራ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ከ«ማዞሪያ» ጋር ተገናኘ። ቤቱ ያውቀዋል። መጀመሪያ በስልኩ ራሱ የጥሪውን ፕሮግራም ለመጫን ሞከሩ፤ «ይህ ስልክ ስላረጀ አገልግሎቱን አያገኝም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ታዲያ ማን አገልግሎት ነሣኝ?» ብለው መለሱለት። ድምፃቸው በክፍሉ ውስጥ ጮኾ ስለ ተሰማቸው ደነገጡ።

ጠጋኟ በወረቀት ጽፋ እንደ ሰጠቻቸው አድርገው የራውተሩን ገጽ ከፈቱ። ዝርዝሩ ወጣ። ስምንት ስፍራ አለው፤ ስምንቱም ሞልቷል። ባለቤታቸው በየቁጥሩ ፊት በገዛ ቋንቋዋ ስም ጽፋለች። «የእኔ» ይላል፤ ይህ በእጃቸው ያለው ስልክ ነው። «ልጄ» ይላል። «ምራቴ» ይላል። «የላይኛዋ» ይላል፤ አራተኛ ፎቅ የነበረችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ቀይራ ከሄደች ወዲህ አላዩአትም። «ጓዴ» ይላል፤ የማዞሪያ ቤት ባልደረባዋ ናት። «ወንድም ጋሼ» ይላል፤ ከእርሷ በፊት ያረፈ ታላቅ ወንድሟ ነው። «አስታማሚዬ» ይላል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት በሳምንት ሁለቴ እየመጣች መርፌ ትወጋት የነበረች ሴት ናት። ስምንተኛው «እንግዳ» ይላል። ይህ እንግዳ ማን እንደነበረ፣ መቼ መጥቶ መቼ እንደ ሄደ፣ ጋሼ ፋይል ቢያስቡ ቢያሰላስሉ ሊያስታውሱት አልቻሉም።

የእርሳቸው ስም የለም። ኮምፒውተራቸው ሁልጊዜ በገመድ ስለነበረ፣ ስልካቸውም ባለቁልፍ ስለሆነ፣ በዝርዝር መግባት አላስፈለጋቸውም ነበር። ይህን ያውቃሉ። ቢያውቁም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበቡት።

አዲስ ስም ለመጨመር አንዱን ማውጣት ግድ ነው። ጋሼ ፋይል እንደ ድሮው እጃቸውን አጣምረው በየተራ መረመሩ። «እንግዳ» ባለቤቱ ያልታወቀ ፋይል ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ፋይል እስኪታወቅ ድረስ ይቀመጣል እንጂ አይወገድም። «ወንድም ጋሼ» ዐርፏል፤ ሲቀበርም ቆመው ነበር፤ የሞት ማስረጃው ግን በእጃቸው የለም። ልብስ ሰፊዋ፣ ባልደረባዋና አስታማሚዋ የት እንዳሉ አይታወቅምና ሊጠየቁ አይችሉም፤ ባለጉዳይ ሳይጠየቅ ደግሞ አይወሰንበትም። «የእኔ» የሚለውን ዘለሉት። የሚጠየቅ ሰው ቢኖር ልጃቸው ብቻ ነው። ደወሉ።

«አባዬ! ደህና ነህ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሰው ሳይሆን አይደውልም እንዴ?»

«አይ፣ በሥራ ሰዓት ስለ ደወልክ ነው።»

«እናትህ የቤቱ ዝርዝር ላይ ጽፋሃለች። አንድ ሰው ካላወጣሁ አዲሱ መሣሪያ አይገባም። ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«የምን ዝርዝር?»

አስረዱት። በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ወይ እማዬ!» አለ ልጁ፤ ሳቁ ወዲያው ተቋረጠ። «እኔን አውጣኛ አባዬ። ያ ስልክ እኮ ከተሰረቀ ሦስት ዓመት ሆነው።»

«ሦስት ዓመት? ለእናትህ ቀብር ስትመጣ ታዲያ?»

«ያኔማ ዋይፋይ ማን ያስባል።»

«የባለቤትህስ?»

«እሷም ቀይራለች መሰለኝ። ልጠይቃት? አባዬ፣ ሰው ስልክ ይቀይራል እኮ።»

«አይ፣ እኔ ድንገት ብትመጡ በሩ ላይ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው።»

«ብንመጣ እንደ አዲስ ታስገባናለህ።»

«መቼ?»

«ዘንድሮ ሥራው ጠበቅ ብሏል። እስቲ እናያለን። ቆይ፣ ሰው እየጠራኝ ነው…»

«ሂድ፣ ሂድ። ሥራህን ሥራ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ዝርዝሩን በሌላ ዓይን ተመለከቱት። እርሳቸው ለካ ስምንት ሰው ከበር የሚገባበትን ፈቃድ የያዙ መስሏቸው ነበር፤ ከነዚያ ውስጥ ዛሬ መጥቶ መግባት የሚችል ማን እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ያም ሆኖ ደንብ ደንብ ነው። ነጭ ወረቀት አውጥተው በዚያ በሚታወቀው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈታቸው ቃለ ጉባኤ ጻፉ። የተገኙ አባላት፦ አንድ። በሰብሳቢነት፣ በጸሐፊነትና በአባልነት ያው አንዱ። አጀንዳ፦ ከዝርዝሩ አንድ ስም ስለ ማስወገድ። ውሳኔ፦ ባለጉዳዩ በገዛ አንደበቱ ስለ ፈቀደ፣ «ልጄ» የሚለው ስም እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ከሥሩ ሦስት ጊዜ ፈረሙ። ከስምንቱ መካከል ሊመጣ ይችላል ብለው የሚጠብቁት እርሱን ብቻ ነበር፤ ደንቡ ግን የፈቀደላቸው እርሱን ብቻ ሆነ። «ልጄ» የሚለውን አጠፉ። በቦታው ከመቀበያዋ ካርቶን ላይ ያለውን አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ገለበጡ፤ ስሙንም «የሽማግሌው» አሉት፤ ባለቤታቸው በሕይወት ብትኖር እንዲሁ ትለው ነበርና።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው የይለፍ ቃሉን አስገቡ። «መገናኘት አልተቻለም።»

ረቡዕ ጠጋኟ ለሥራ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዳ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ጋሼ ፋይል በደረጃው አምስት ጊዜ ወርደው አምስት ጊዜ ወጡ። ጉልበታቸው ተናገረ። ማታ ባትሪው የደከመውን የባለቤታቸውን ስልክ ቻርጅ ላይ አድርገው፣ አጭር ጸሎት አድርሰው በጊዜ ተኙ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። ጠጋኟ ቁልፏን ይዛ ስትመጣ ሰላምታ ሳትጨርስ ጉዳያቸውን ነገሯት።

«ቁጥሩን ከየት አገኙት አባባ?»

«ከካርቶኑ ላይ ነዋ!»

«ወይኔ! ካርቶኑማ የሌላ ነው። እንዳትጠፋብዎ ብዬ ያገኘሁት ውስጥ ነው የከተትኳት።»

«ሽፋኑ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ተጽፏል። የተጻፈው ግን የሌላኛዋ ነው።»

ጋሼ ፋይል ባሉበት ቆሙ። የመዝገብ ቤት ሰው በቀን መቶ ፋይል ሲያወጣ ሽፋኑን አምኖ ነው እንጂ በየወረቀቱ እየገባ አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሽፋን ሲያምኑ ኖረው፣ አንድም ቀን የተሳሳተ ጉዳይ በተሳሳተ ሽፋን ውስጥ አላስቀመጡም ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ግን እንደ እርሳቸው አይደለም።

«ሴቲንግ ውስጥ ሲገቡ ትክክለኛው ቁጥር አለ» አለችና በወረቀት ጻፈችላቸው። ሰዓቷን አይታ ደግሞ፣ «ልምጣና ልሥራልዎ እንዴ?» አለች።

«ሱቅሽን ዘግተሽ? አይሆንም። ሥራሽ ላይ ሁኚ።»

ደረጃውን ሲወጡ በየእረፍቱ ቆሙ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ኮምፒውተሩን አበሩ፤ ጠጋኟ እንደ ጻፈችላቸው ሴቲንጉን ከፈቱ፤ መቀበያዋ የራሷን እውነተኛ ቁጥር ይዛ ተቀምጣ አገኟት። ከካርቶኑ ጋር ሲያስተያዩት በአራት ስፍራ ይለያል። የባለቤታቸውን ስልክ አነሡ፤ ዝርዝሩን ከፈቱ፤ «የሽማግሌው» በሚለው ሥር ያለውን ቁጥር አንዱን ፊደል እያጠፉ፣ አንዱን እየጻፉ፣ ድምፅ አውጥተው እያነበቡ አቃኑት። ሦስት ከሃምሳ። የይለፍ ቃሉን አስገቡ። ሲስተሙ አሰበ። ጥጉ ላይ ያለችው የዋይፋይ ምልክት አንድ ጊዜ ብልጭ አለች፤ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች፤ ከዚያም በርታ ቀረች።

«ስምህ የተመሰገነ ይሁን» አሉ ጋሼ ፋይል፤ እንባቸው መነጽራቸውን አደበዘዘው። ለመጥረግ ግን ጊዜ አልነበረም። የጥሪው ፕሮግራም እየተጫነ ሳለ ኮታቸውን ለበሱ፤ በአንዱ እጅጌ ክንዳቸው ገብቶ በሌላው ሳይገባ ጥሪው መጣ።

መጀመሪያ የነርሷ ፊት ታየ። «አባባ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችና ገለል አለች። ከበስተ ኋላዋ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ በነጭ ነጠላ ተሸፍና እቴቴ ተቀምጣለች። ወንድሟን ስታይ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች።

ጋሼ ፋይል መጀመሪያ የጠየቁት ባለፈው ሐሙስ ምን እንዳለች ነው። መዳፏን ወደ ታች አድርጋ ደረቷ ላይ አሳረፈችና አሳየቻቸው። «ሞቷል ወይ?» ማለት ነበር። የጠየቀችውን ማንም ሳይመልስላት ሳምንት ሙሉ ኖራለች። እርሳቸውም በእጃቸው አልሞትኩም፣ ዕቃው ነው የሞተው፣ መብረቅ መታው አሏት። ስለ መብረቁ፣ ስለ ጠጋኟና ስለ ካርቶኑ ሁሉን ነገሯት። እቴቴ በየመሐሉ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች፤ ካርቶኑ ላይ ሲደርሱ ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ ሳቀች። ከልጅነትህ ጀምሮ ማንንም ሳትጠይቅ ማመን ነው ሥራህ አለቻቸው በእጇ።

ከዚያም ማን ሠራልህ ብላ ጠየቀች።

እኔ ራሴ፣ ብቻዬን፣ አሏት አንድ ጣት አንሥተው።

ውሸታም፣ አለች። ከአንተ ጋር ሰው አለ። ደብቀኸዋል። አሳየኝ።

የለም አሏት። አሳየኝ አለች፤ ዓይኖቿ እንደ ድሮው ተንኮል ሲያምራቸው እንደሚያበሩ አበሩ።

ጋሼ ፋይል ከስክሪኑ አናት ላይ የተሰካችውን ትንሿን ካሜራ ነቀሏት። ገመዱ እስከሚያደርሳቸው ድረስ ቀስ እያሉ አዞሯት። አንድ ሰው የተኛበትን አልጋ፣ ኮት ይሰቀልበት የነበረውን ወንበር፣ ምድጃውን፣ ምድጃው አጠገብ የተደፋችውን አንድ ብርጭቆ፣ የተዘጋውን በር አሳዩአት። በደንብ እንድታይ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ቆዩ። ሠሪው እርሳቸው መሆናቸውን ማረጋገጫው ይህ ነበርና።

ካሜራዋን በቦታዋ ሲመልሱ እቴቴ አትስቅም ነበር። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ቅረብ ማለት ነው።

ወንበራቸውን ሳቡ። አሁንም ቅረብ አለች። ጉልበታቸው የጠረጴዛውን እግር እስኪነካ፣ ፊታቸው በዚያ ሰፊ አዳራሽ ያለውን ስክሪን ሁሉ እስኪሞላው ድረስ ቀረቡ። ከተሰጣቸው ሩብ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። በነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ሁለቱም እጃቸውን አላንቀሳቀሱም፤ ነርሷም የሚቀጥለውን ባለተራ በሩ ላይ አቁማ ጊዜው እስኪሞላ ጠበቀች።